መንገዱ የማን ነበር? ከፎገራ ሜዳ እስከ ባሕር ዳር

«ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ አበው። ብሂሉ የተነገረው ደጅ ሲጠና ኖሮ በቀኑ አንደበቱ ለተያዘበት ባለጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን ሰሞኑን ስለ መንገድ ሳስብ ይኸው ብሂል እየተመላለሰ መጣብኝ። ካለመናገር የሚቀረው ሹመት ብቻ አይደለምና። መንገድም ይቀራል።

ወደዚህ ሐሳብ የመራኝ ነገር የመጣው ከሩቅ አገር ነው። የካናዳዋ የኦንታርዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሕግ፣ በቶሮንቶ ከተማ በብሉር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ላይ ለብስክሌት ተከልለው የነበሩ መስመሮች ተነሥተው ቦታው ለመኪና እንዲመለስ ወሰነ። ምክንያቱ የመኪና መጨናነቅ ነው ተባለ። የከተማይቱ ብስክሌተኞች ግን ዝም አላሉም። ብስክሌታቸውን እየነዱ በሰልፍ ወጡ፤ ቀጥሎም መንግሥትን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2025 ዳኛው ፍርድ ሰጡ። የብስክሌት መስመር የማግኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አልተጻፈም፤ ሆኖም መስመሩ ሲነሣ ብዙ ሰው እንደሚጎዳና እንደሚሞት እየታወቀ፣ መጨናነቁም በዚህ እንደሚቀል ማስረጃ ሳይቀርብ፣ የነበረን ከለላ ማፍረስ የሰውን የሕይወትና የአካል ደኅንነት መብት ይጥሳል አሉ። መንግሥቱም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ። ብሉር የተባለው ጎዳና ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ዳንፎርዝ ይባላል፤ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ወሬው ለብዙዎቻችን የባዕድ ወሬ ብቻ አልነበረም።

አንባቢዬ «ታዲያ ይህ ለወረታ ሰው ምኑ ነው?» ቢለኝ አልፈርድበትም። እኔም ራሴን የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። መልሱ ግን አስጨነቀኝ። የቶሮንቶ ሰው ሊከስ የቻለው የተነጠቀው ነገር ስም፣ ቁጥርና ሰነድ ስለነበረው ነው። ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ ከዚህ መስቀለኛ እስከዚያ መስቀለኛ፣ ይህን ያህል ስፋት ያለው መስመር ለብስክሌት ተሰጠ የሚል ወረቀት ነበረ። የእኛ አገር እግረኛና ብስክሌተኛ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መንገድ ተነጥቋል፤ ነጣቂውም፣ የተነጠቀበትም ቀን አይታወቅም። ውሳኔ ስላልነበረ ተቃውሞም አልነበረም። በዚህች ጽሑፍ ልተርክ የምሞክረው የዚህን ዝምታ ታሪክ ነው። ምስክር አድርጌ የምወስደውም ፎገራን ነው።

ሜዳው የእግረኛ በነበረ ጊዜ

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ ይገኛል። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ከጉና ተራራ ጎን ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ከጎጃም ወደ ጎንደር የሚሄድ ነጋዴ በዚህ አካባቢ ያልፍ ነበር። ከፎገራ በስተሰሜን ያለው የይፋግ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ነበር። አሞሌው፣ ቡናው፣ ጥጡ፣ ከብቱ ሁሉ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ቀረጥም ይከፈልበታል።

በዚያ ዘመን «መንገድ» ማለት የሰው እግር፣ የአህያ ኮቴና የበቅሎ ሸኮና ደጋግሞ የረገጠው መሬት ማለት ነው። ማንም አልሠራውም፤ ሁሉም ሠርቶታል። በክረምት ሲጨቀይ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ በበጋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሜዳው ሰፊ የግጦሽ መሬት ስለነበር ለመንገደኛ የሚከለከል ነገር አልነበረም። ይህን የምለው ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ሽፍታው፣ ቀረጡ፣ የወንዙ ሙላት የነጋዴውን ዕድሜ ያሳጥሩ ነበር። ለማለት የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ የእግረኛው ነበር፤ ይህንንም የሚመሰክር አንድም ወረቀት አልነበረም።

ለአንድ መድፍ የተሠራ መንገድ

ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ታቦር አለ። በአጠገቡ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ እንዳሠሩ ማንም ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ብዙ የማይነገረው የመንገዱ ነገር ነው። መድፉ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን በእግር መንገድ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ገደሉን እየናዱ፣ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፣ መንገድ እየሠሩ ነበር የተጓዙት። እርሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር በዓይናቸው ያዩ ጽፈዋል። ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ፈጀ።

በደቡብ ጎንደር ምድር በምሕንድስና ታስቦ ከተሠሩት መንገዶች ቀዳሚው ይህ ነው ቢባል ስሕተት አይመስለኝም። የንጉሡን ጽናት አደንቃለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። መንገዱ የተቀየሰው ለሚሄደው ሕዝብ አልነበረም፤ ለሚጎተተው ብረት ነበር። ስፋቱን የወሰነው የመድፉ መንኮራኩር ነው። ሕዝቡ ጎተተ፣ ቆፈረ፣ ስንቅ አቀበለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን መንገዶቻችንን ሳይ ይህ ልማድ ያልለቀቀን ይመስለኛል፤ መንገድ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚለካው ከባዱ ነገር ነው።

ጣልያን፣ አውራ ጎዳናና ቻይና

ፋሺስት ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው ዓመታት ለጦሩና ለካሚዮኑ መንገድ ከፈተ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደውም መስመር በዚያን ጊዜ ለመኪና ተከፈተ። ከነፃነት በኋላ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ የጠላትን መንገዶች መጠገንና አዳዲሶችን መሥራት ያዘ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ጎብኝተው ከተመለሱ በኋላ በተገኘው ብድርና እርዳታ ከወልድያ እስከ ወረታ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስ መንገድ እንዲሠራ ሆነ። ሥራው የተከናወነው በደርግ ዘመን ነው፤ ሕዝቡም እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል።

ወረታን ወረታ ያደረጋት ይህ መጋጠሚያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው፣ ከወልድያ በደብረ ታቦር የሚመጣውም እዚያ ይገናኛሉ። ሻይ ቤቱ፣ ጋራዡ፣ የእህል መጋዘኑ፣ አልጋ ቤቱ ሁሉ የተተከለው በመንገዱ ግራና ቀኝ ነው። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ጠጠሩ በአስፋልት ተለወጠ። ዛሬ በከተማይቱ ደረቅ ወደብም አለ፤ ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢ በዚያ ያልፋል።

ይህ ሁሉ ልማት ነው፤ አልክድም። አስፋልቱ ባይኖር የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም ሳይበሰብስ ገበያ አይደርስም ነበር። ወላድ እናትም ባሕር ዳር ሳትደርስ በመንገድ ትቀር ነበር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጊዜ መንገዱ ሲሰፋ፣ ሲስተካከል፣ ሲለሰልስ የተጨመረው ቦታና ፍጥነት ለሞተር ነበር። በአሮጌው መንገድ ላይ ሲሄድ የኖረው እግረኛ «አንተስ በየት ትሄዳለህ?» ተብሎ አልተጠየቀም። በአስፋልቱ ዳር የቀረችውን ጠባብ ትከሻ ያዘ። እርሷም አይሱዙው ሲቀድም፣ ባጃጁ ተሳፋሪ ሲያወርድ የምትወሰድ ናት።

ሩዙና የጠፋው አቋራጭ

የፎገራን ነገር ለየት የሚያደርገው ሩዝ ነው። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ምክር በአካባቢው የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሙከራው ተጀመረ። ዛሬም «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን የወረሰው ከጅግና ቀበሌ ነው። ቀድሞ ውኃ ተኝቶበት ከግጦሽ በቀር ለሌላ አይበጅም ይባል የነበረው መሬት ወርቅ ሆነ። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ነው።

ሩዝ ለፎገራ ገበሬ ያመጣውን ጥቅም ቤቱን አይቶ መመስከር ይቻላል፤ የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ተተክቷል። የከፈለውም ዋጋ ግን አለ። የግጦሽ ሜዳው ታረሰ፤ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት መሰማሪያው እየጠበበ ቁጥሩ ተመናመነ። ከግጦሹ ጋር አቋራጩ መንገድም ጠፋ። የሩዝ ማሳ ውኃ እንዲይዝ ዙሪያውን በእርከን ይከበባል፤ በእርከን በተከበበ ውኃ ውስጥ እንደ ድሮው ሜዳውን ሰንጥቆ መሄድ አይቻልም። ስለዚህ ከየመንደሩ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ከፍ ብሎ ወደተሠራው አስፋልት ይወጣል። በክረምት ደረቅ መሬት ያለው እዚያ ነውና። እኔ ራሴ በገበያ ቀን ያየሁት ይህንን ነው። እናቶች ሸክማቸውን አዝለው፣ ልጆች ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ አህዮች ጆንያ ተጭነው፣ አልፎ አልፎም ብስክሌቱ ላይ የወተት ጀሪካን ያሰረ ወጣት፣ ሁሉም በዚያች ክንድ በማትሞላ ትከሻ ላይ በአንድ ፈርጅ ይጓዛሉ። ከኋላ የመኪና ጥሩንባ ሲጮህ ሁሉም በአንድነት ወደ ቦዩ ይወርዳል። ማንም አይቆጣም። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ አለመቆጣት ነበር።

እዚህ ላይ «ማን ነጠቃቸው?» ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም። ገበሬው ማሳውን አረሰ፤ ጥፋተኛ አይደለም። መሐንዲሱ መንገዱን በተሰጠው ፕላን ሠራ፤ ጥፋተኛ አይደለም። ሹፌሩ ሥራውን ይሠራል። ነገሩ ሁሉ ያለ ክፋት ተፈጸመ። ትርጉም ያለው ነጥብም ይኸው ነው፤ ያልተመዘገበ መብት ሲጠፋ አጥፊ እንኳ አያስፈልገውም።

ባሕር ዳር፤ በልማድ የቆመች የብስክሌት ከተማ

ከወረታ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብንወርድ ሌላ ምስክር እናገኛለን። ባሕር ዳር ለብስክሌት የተፈጠረች ከተማ ናት፤ ሜዳማ ናት፣ ጎዳናዋ ሰፊና በዘንባባ ጥላ ያጌጠ ነው። በ1950ዎቹ ጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ ማክስ ጉተር ማስተር ፕላን አወጡላት። ከጣልያን በተገኘው የጦር ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ በ1955፣ የመምህራን አካዳሚው በ1965 ዓ.ም. ተከተሉ። ፋብሪካ ሲኖር ሠራተኛ አለ፤ ሠራተኛ ደግሞ በፈረቃ ወጥቶ በፈረቃ ይገባል። ለዚያ ሰው ብስክሌት መዝናኛ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነበር። ከዚያ መምህሩ፣ ተማሪው፣ የቢሮ ጸሐፊዋ ተከተሉ። በሌላው የአገራችን ከተማ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ እንደ ጉድ በሚታይበት ዘመን በባሕር ዳር ማንም ዞር ብሎ አያይም ነበር። እኔም የመጀመሪያዋን ብስክሌት በሰዓት ሂሳብ ተከራይቼ ጉልበቴን የላጥሁት በዚያች ከተማ ነው።

ለነገሩ ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿን ይዛ ነበር የሄደችው፤ ገረመው ደንቦባ ከነዚያ አንዱ ናቸው።

ነገር ግን የባሕር ዳር ብስክሌተኛ ቦታ የተመሠረተው ከሁሉ በላይ በልማድ ላይ ነበር። ጎዳናው ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት ስለነበር ብስክሌተኛው የጎዳናው ጌታ መሰለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ባጃጅ መጣ። ባጃጅ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆነ፤ ለአሮጊቷና ለታማሚውም እግር ሆነ። መኪናውም በዛ፣ ሞተር ብስክሌቱም በዛ። ብስክሌተኛው ዓመት በዓመት ወደ ዳር ተገፋ። ሠራተኛው ብስክሌቱን ሸጦ ባጃጅ ተሳፈረ፤ እናት ልጇን «በብስክሌት አትሂድ፣ ይገጩሃል» አለች። «የብስክሌት ከተማ» የሚለው ስም ቀረ፤ ግብሩ ግን ሳሳ። አንድም ባለሥልጣን «ከነገ ጀምሮ ብስክሌት ቦታ የለውም» ብሎ አላወጀም። ቢያውጅ ኖሮ ከተማው እሺ ይል ነበር? አይመስለኝም። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ተማሪው፣ መምህሩ በአንድነት ይቆጡ ነበር። ዐዋጅ ስላልነበረ ቁጣም አልነበረም።

ሌሎች ለምን ተቆጡ?

የሌሎችን ታሪክ የማነሣው ለማድነቅ አይደለም፤ ለማስተያየት ነው። ሆላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ተብላ ትጠራለች። ሁልጊዜ እንዲያ አልነበረችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ ብስክሌተኛው ተገፋ፤ ጎዳናው ተነጠቀ። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ 3,300 ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ልጁን በዚሁ አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «የልጆች ግድያ ይቁም» በሚል ርእስ ጻፈ። ጽሑፉም እንቅስቃሴ ወለደ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ጎዳና ዘጉ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ መኪና የማይነዳባቸው እሑዶች ታወጁ። የዛሬው መስመር የተገኘው ከዚያ ጩኸት ነው።

በኒው ዮርክ ብሩክሊን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ከቤድፎርድ ጎዳና ላይ 14 መስቀለኛ ያህል የብስክሌት መስመር ሲፋቅ፣ ጥቂት ወጣቶች ሌሊት ቀለም ይዘው ወጥተው መልሰው ቀቡት። በለንደን የኬንሲንግተን ጎዳና መስመር እ.ኤ.አ. በ2020 መከር ተሠርቶ ሰባት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሲነሣ ነዋሪዎች ተሟገቱ። ሁሉም አላሸነፉም። የቶሮንቶዋ ጃርቪስ ጎዳና መስመር እ.ኤ.አ. በ2010 ተሠርቶ በ2012 ተነሥቷል።

በሌላ ወገን ያሉትን ሰዎችም እንደ ክፉ ማየት ተገቢ አይደለም። የብሩክሊኑን መስመር የተቃወሙት የሰፈሩ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲወርዱ ይገጫሉ የሚል ስጋትም አቅርበው ነበር። ባለሱቁ ደንበኛዬ መኪና የሚያቆምበት አጣ ይላል። በባሕር ዳርም ቢሆን ባለባጃጁ «የምሠራበትን ቦታ ለምን ታጠቡብኛላችሁ?» ቢል ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነው። ልዩነቱ በነዚያ አገሮች ሁለቱም ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኝተው መከራከራቸው ነው። ለክርክሩ መነሻ የሆነው ደግሞ በመሬት ላይ የተሰመረችውና በሰነድ የተጻፈችው መስመር ናት።

ዛሬስ?

ዛሬ ነገሩ በአገራችን ሌላ መልክ ይዟል። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው መኪና የማይነዳበት እሑድ ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት አሥር ዓመት የሚያገለግል አገር አቀፍ ስትራቴጂ አወጣ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ስፍራ ተለይቶለታል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ክልል ከተሞች የተዛመተው የኮሪደር ልማትም የብስክሌት መስመር እየዘረጋ ነው።

ልደሰት ይገባኛል፤ በከፊልም ተደስቻለሁ። መንግሥት የሠራው ሁሉ መጥፎ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ነገር ግን ታሪኩን ሳስታውስ ደስታዬ ይቀዘቅዛል። በኮሪደር ሥራው ብዙ ሰው ከኖረበት ሰፈር ተነሥቷል፤ ሱቆች ፈርሰዋል። መስመሩ የወረደው ከላይ ነው፤ ብስክሌተኛው ጠይቆ ያገኘው አይደለም፤ ባለሱቁም ተከራክሮ የተቀበለው አይደለም። በአንድ ትእዛዝ የተሰመረ መስመር በሌላ ትእዛዝ ይፋቃል። ያን ጊዜ ብሩሽ ይዞ የሚወጣ ወጣት፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ማኅበር ይገኝ ይሆን? ሰው የሚሟገተው የእኔ ነው ብሎ ለተቀበለው ነገር ነው። ሳይጠየቅ የተሰጠው ሲነጠቅም ሳይጠየቅ ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሐሳቤን ሰምቶ፣ «ወንድሜ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ጥይት እየጮኸ፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ እየዋለ፣ አንተ ስለ ብስክሌት ትጽፋለህ?» አለኝ። ጥያቄው ልቤን ነካው። የሰው ሕይወት በጥይት ሲቀጠፍ ስለ መንገድ ዳር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። መልሼ ሳስበው ግን እንዲህ አልሁት፤ ነዳጅ ሲጠፋ፣ መኪና ሲታገድ፣ ሁሉ ነገር ሲቆም የሚቀረን እግራችንና ያቺ ብስክሌት ናት። የታመመ የሚሸከመው፣ ዱቄት የሚያመጣው፣ የተለያየ ቤተሰብ የሚጠያየቀው በእግር ነው። ደግሞም ስለ አንድ ክንድ መንገድ መጠየቅ ያልለመደ ሕዝብ ስለ ትልቁ ነገር በሰላም መጠየቅን ከየት ይማራል? በቃል የሚጠየቅበት ቦታ ሲጠፋ በምን እንደሚጠየቅ አይተነዋል።

ምን እንጠይቅ?

ጽሑፌን በወቀሳ ብቻ ልዘጋ አልፈልግም። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እንቆጠር። መንገድ ሲቀየስ በቀን ስንት ተሽከርካሪ እንደሚያልፍ ይቆጠራል። ከወረታ በጉማራ ድልድይ በኩል፣ ከወረታም በርብ ድልድይ በኩል በገበያ ቀን ስንት ሰው በእግሩ፣ ስንት ሰው በብስክሌት እንደሚያልፍ ይቆጠር። ተማሪዎችና መምህራን ወረቀትና እርሳስ ይዘው በአንድ ቀን ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ያልተቆጠረ በፕላን አይገባም።

ሁለተኛ፣ ይጻፍ። መንገዱ ሲጠገን ወይም ሲሰፋ ከአስፋልቱ የተለየ፣ ከጎርፉም ከፍ ያለ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ በፕላኑና በውሉ ላይ ስፋቱና ርዝመቱ ተለክቶ ይስፈር። የገበሬውን ማሳ የሚነካ ከሆነ ከገበሬው ጋር ይመከርበት፤ ካሣም ይከፈለው። የሩዝ ገበሬው ጠላት ሆኖ እግረኛው አይጠቀምም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸውና።

ሦስተኛ፣ ሳይመከር አይነሣ። በባሕር ዳርም ይሁን በጎንደር፣ አንዴ የተሰመረ የእግረኛ ወይም የብስክሌት መስመር የሚነሣው ነዋሪው ተሰብስቦ፣ ባለባጃጁም፣ ባለሱቁም፣ ተማሪውም ተናግሮ፣ ምክንያቱ ተጽፎ እንዲሆን የከተሞቹ ምክር ቤቶች ደንብ ያውጡ። እንዲህ ያለ ደንብ ካለ መስመሩ ቢነሣ እንኳ በክርክር ይነሣል፤ ዝም ብሎ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የሚጠይቀው ከዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ጀምሮ የያዝነውን ልማድ መገልበጥ ነው፤ ከባዱን ከመለካታችን በፊት የሚሄደውን ሰው መለካት።

ጥሩንባ በተነፋ ቁጥር ወደ ቦዩ የሚወርደው የፎገራ ሕዝብ አስፋልቱ የተነጠፈው አያቶቹ በረገጡት መንገድ ላይ መሆኑን ያውቃል። አንድ ቀን ሳይወርድ ቀርቶ «እኔስ በየት ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ያን ቀን መልስ የሚሰጥ ሰው፣ መልሱም የተጻፈበት ወረቀት እንዲኖር ከአሁኑ እንሥራ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።